ለማሽን የተጻፈ

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» ብለው ነው ከክፍል ያወጡኝ። ማርከሩን እንደያዝኩ ተማሪዎቼን «መጣሁ» ብያቸው ወጣሁ። የመንግሥት አምስት ደቂቃ እንዴት እንደሚቆጠር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ወር አለፈኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። ከግድግዳው ጫፍ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሐረር ሸዋ በር የሚኒባስ ረዳቶች «ድሬ! ድሬ! አንድ ሰው!» ሲሉ ይሰማል። እንደዚያ ሰሞን ድሬዳዋ አምሮኝ አያውቅም። እዚያ ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ተሳፍሮ መሄዱ ብቻ ነው ያማረኝ። ስምንት ሴቶች ነበርን። አየር የሚገባበትን የበሩን ጥግ ለአንዲት አሮጊት ለቀውላቸዋል። ሰባን ያለፉ፣ የጀጎል ግንብ ውስጥ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን የአዲስ አበባ ቢሮ አማርኛ ነው።

ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና ኮምፒውተር አስተምራለሁ አልኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው «ማሻአላህ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ፕሮግራም ስጽፍ፣ ለማሽኑ ከመስጠቴ በፊት በወረቀት እሞክረው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሞክርም፣ ስሳሳት ማሽኑ ራሱ ይነግረኛል አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። የቤት ሥራዋን ሳትሠራ እንደመጣች ተማሪ አፈርኩ።

የታሰሩበትን ምክንያት ቀስ እያልኩ ሰማሁ። ቤታቸው የተፈተሸው በእህታቸው ልጅ ሰበብ ነው። እሱ አልተገኘም፤ የተገኘው ከሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አርባ ገጽ ወረቀት ነው። በየመስመሩ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ መሐሉ ላይ የተሰመረበት ዜሮ። መርማሪው ምስጢራዊ መልእክት ነው ብሎ ለማን እንደተጻፈ ጠየቃቸው። «ለማሽን» አሉት። እውነቱን ተናግረው ታሰሩ።

ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ በተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት ሴቶች ኮምፒውተሩ የሚያነበውን ካርድ ይበሱ ነበር፤ ፕሮግራም የሚጽፉት ወንዶች ናቸው። አለቃውን ለምነው ለምነው ሌሎቹ የሸሹትን ሥራ ተቀበሉ፤ የአገሩን ተማሪዎች የፈተና ውጤት በደረጃ የሚደረድር ፕሮግራም። ማሽኑ የሚደርሳቸው በሳምንት አንዴ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በወረቀት ላይ እንደ ማሽኑ ሆነው እያንዳንዱን መስመር ይሞክሩት ነበር። ሰባት ወር ፈጀ፤ ሠራም። ከዚያ ሴት ፕሮግራም አትጽፍም የሚል ሰው ከዚያ ቢሮ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ታመሙና ለአንድ ወር ብለው ሐረር መጡ። መንግሥት ተለወጠ፣ በቦታቸው ሌላ ሰው ገባ፣ ወሩም ሃምሳ ዓመት ሆነ።

«ባሌ ሞቶብኛል፤ ይናፍቀኛል» አሉኝ አንድ ቀን። «ይኼኛው ናፍቆት ግን ሌላ ነው፣ ልጄ። የሚናፍቀኝ ሰው እኔው ነኝ።»

መርማሪው አንድ ወረቀት አዘጋጀላቸው። ዋጋ የሌላቸው ወረቀቶች ስለሆኑ እንዲወገዱ ተስማምቻለሁ ብለው ከፈረሙ ቤታቸው ይገባሉ። እስከ ነገ ላስብበት ብለውት ተመለሱ። ሐረር አጠገብ ካለችው ከድሬ ጠያራ የመጣች ለውዝ ነጋዴ አብራን ነበረች፤ የሆዷን በሆዷ የማትይዝ ሴት። «አዴ፣ ወላሂ ይፈርሙ። ወረቀት አይደል እንዴ?» አለቻቸው። እሳቸውም ወደዚያው አዘንብለው ነበር። ብቻ ወረቀቱ ከመቃጠሉ በፊት ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ሲሠራ ልየው አሉ።

ፕሮግራሙን በቃላቸው ያውቁታል። ነጋዴዋ ከቤት ከመጣላት ለውዝ ለእያንዳንዳችን የተለያየ ቁጥር አደሉን፤ ያ የፈተና ውጤታችን ነው። ማሽኑ እኔ ሆንኩ። በለውዛችን ብዛት ተሰለፍን። ነጋዴዋ ገሚሱን ስለበላችው መጨረሻ ወጣች። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ከፊትሽ ካለችው ኋላ ሌላ ሰው ካለ፣ ፊትሽ ያለችውን ጽፈሽ እለፊ፤ ከሌለ አቁሚ። በጣቴ መሬቱ አቧራ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ነጋዴዋ ዘንድ ስደርስ ከኋላዋ ሰው የለም። አቆምኩ።

«እኔስ?» አለች። «እኔን ማን ጻፈኝ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ሦስት ጊዜ አስደገሙን፤ ሦስቱንም ጊዜ ነጋዴዋ ሳትጻፍ ቀረች። ወይ እሳቸው አንድ መስመር ረስተዋል፣ ወይ ያኔም እንዲሁ ነበር። እንዲያ ከሆነ ከአገሩ ዝርዝር ጫፍ አንዲት ተማሪ ወድቃ ቀርታለች ማለት ነው። የመጨረሻዋን ልጅ ማን ይፈልጋታል? ምሳቸውን አልነኩም። ዙሁር ሰግደው ዱዓቸው በጣም ረዘመ።

በማግስቱ ገጽ ሠላሳ አንድን ሳላይ አልፈርምም አሉ፤ ሙያው ያላት ልጅ ናት ብለው እኔንም አስጠሩኝ። መርማሪው «እናቴ፣ እኔ እኮ ልልቀቅዎ ነው የምለው» እያለ ማህደሩን አወጣ። ጣታቸው ገጹ ላይ መስመር በመስመር ወረደ። በሁለት መስመሮች መሐል፣ በቀይ እርሳስ የተሰገሰገች አንዲት መስመር ነበረች። ትርጉሟን አስረድተውኝ ጮክ ብዬ አነበብኳት፤ ከኋላ ሰው ከሌለ እሷንም ጽፈሽ አቁሚ።

«ያቺ ልጅ ጎበዝ ነበረች» አሉ። ማለታቸው የሃያ አራት ዓመቷን ራሳቸውን ነበር። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

መርማሪው እስክሪብቶ ሰጣቸው። «ዋጋ የሌላቸው» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «የፈተና ውጤት መደርደሪያ ፕሮግራም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። «እንዲወገዱ» የሚለውንም ሰረዙ። ከዚያ ፈረሙ። እንዲህማ አይሆንም አለ መርማሪው። «እንግዲያው ወደ ክፍሌ ልመለስ» ብለው፣ ማንም ሳይዛቸው ተነስተው በኮሪደሩ ፊት ፊቴ ሄዱ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ያለ ፊርማ ለቀቋቸው። ወረቀቱን አልመለሱላቸውም።

ባለፈው ዓመት ሞቱ። ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ደግነታቸው ተነሳ፣ እናታቸውን ማስታመማቸው ተነሳ። ፕሮግራም መጻፋቸውን ያነሳ የለም። አጠገቤ የነበረችው ሴት ከየት እንደምንተዋወቅ ጠየቀችኝ። ያን ብናገር እስር ቤቱን መናገር ነው፤ ቤቱ ደግሞ በሰው ተሞልቷል። «በጉርብትና» አልኳት።

የዋሸሁት ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ስማቸውን ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። እሳቸው አይሰርዙትም ነበር። እኔ ገና እፈራለሁ።