አጥንት የምታኝከው ላማችን

ከኮሌጅ በእንስሳት እርባታ ተመርቄ ፎንቆ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስመለስ ሐሳቤ ትንሽ አርፌ ሆሳዕና ሥራ መፈለግ ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ እናቴ አንድ ጎኗ ሽባ ሆነ። ሁለቱም ወንድሞቼ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የሚያነሳት፣ የሚያጥባት ከእኔ ሌላ ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀረሁ።

ላማችንም በዚያው ክረምት ታሰረች። ከወለደች ወዲህ ያገኘችውን አጥንት ታኝካለች፤ አሮጌ ጫማም ሆነ አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ አይቀራትም። አባቴ አፈሩ። «ከብቱን በረሃብ ጨረሰ ይሉኛል» ብለው ቤት ውስጥ፣ ጋጣዋ ላይ አሰሯት። በአንድ ወገን እናቴ ተኝታ ታቃስታለች፣ በሌላው ላሚቱ ገመዷን ትጎትታለች። ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ ጆሮዬ እቤት ነበር።

«አባባ፣ አመል አይደለም» አልኳቸው። «ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን አንሷታል። ጭድ ብቻ እየበላች፣ በወተቷ የሚወጣውን ከገዛ አጥንቷ ነው የምትከፍለው። ፉርሽካ ይስጧት።»

«ፉርሽካው የበሬው ነው።» በሬው ከጎረቤቶች ጋር ለመስቀል የሚያደልቡት ነበር።

«ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረስ ሞልቷል። ዶሮ ብትበላው ብዙም አትጠቀምበትም፤ የከብት ሆድ ግን ፈትቶ ያወጣዋል።»

«ኮሌጅ የላክንሽ ለዚህ ነው?» ብለውኝ ወጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እናቴን ሳገላብጥ ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ወጣች። እናቴን ደግፌ ሳላስተኛት መሮጥ አልቻልኩም። ስደርስ ከአጥሩ ሥር ቆማ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ታስላለች፣ ሆዷ መነፋት ጀምሯል። ጮኼ አባቴን ጠራሁ። እሳቸው መንጋጋዋ መሃል እንጨት ወትፈው ያዙልኝ፤ እኔ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። የዋጠችው አጥንት ጫፍ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል። ሁለቴ አዳለጠኝ፣ በሦስተኛው ወጣ።

አባቴ አጥንቱን አገላብጠው አዩት። ገብተውም ከበሬው ፉርሽካ በሳህን ዘግነው ሰጧት። ከዚያ በኋላ ድርሻዋን አላስቀሩባትም። ቀስ በቀስ አጥንት መፈለጓን ተወች፤ መስቀል ሳይደርስ ተፈትታ መስክ ዋለች።

ጓደኛዬ ከሀደሮ ከተማ ደውላ እዚያ የሥራ ማስታወቂያ መውጣቱን ስትነግረኝ እናቴን እያጎረስኩ ነበር።

«ቶሎ ነይ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት። እናቴ በደህናው እጇ ቀሚሴን ጨበጠች። ምዝገባው ሲዘጋ እዚያው እናቴ ጎን ነበርኩ።