ሰርገኞች የወሰዱብኝ የድልድይ ዱላ

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ አንድ እሁድ ቀን ነው። ስንት ዘመን አልፎም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል። ይበሉ!

ያኔ ከጎፋ ወደ መካኒሳ የሚያሻግረው አሮጌ ድልድይ ይጠገን ነበር። ግማሹ ተቆፍሮ መኪና የሚያልፈው በአንድ በኩል ብቻ፣ በተራ በተራ ነው። መንገዱ ስለሚጠማዘዝና የድንጋይ ክምር ስላለበት ከወዲህ ጫፍ የቆመ ሰው ወዲያኛውን አያይም። ስለዚህ ካቦአችን አንድ ዘዴ አወጣ፤ ቀይ ቀለም የተቀባች ዱላ። እኔ ከጎፋ በኩል መኪኖቹን ስለቅ ዱላዋን ለመጨረሻው ሹፌር እሰጣለሁ። ሹፌሩ ማዶ ለሚጠብቁት ለጋሽ ተሰማ ያስረክባል። እሳቸው ደግሞ የእሳቸውን ወገን ለቀው በመጨረሻው መኪና ይልኩልኛል። ዱላዋ እጅህ ላይ ከሌለች አንድም መኪና አትለቅም። ሕጉ ይኸው ነው።

እኔ ገና ሙከራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሥራዬ ድንጋይ ማመላለስ ነበር፤ እዚያ ቦታ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ያን እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ካቦው መጥቶ «ትቀጥል» ወይም «ወደ ድንጋይዋ ትመለስ» ሊል ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሥራውን ወድጄው ነበር። እጄን ሳነሳ ያ ሁሉ የጭነት መኪና ቀጥ ይላል! እንዴት አልወደው?

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰርገኛ መጣ። ሙሽሪትን ሊያመጡ ወደ መካኒሳ የሚሄዱ፣ አበባ የለበሱ ሰባት መኪኖች። ክላክሱ ጆሮ ያደነቁራል። ወጣቶቹ በመስኮት እስከ ወገባቸው ወጥተው ይጨፍራሉ። እኔ ደግሞ ሰርግ ሳይ ነፍሴን አላውቅም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። የመጨረሻው መኪና ሲደርስ ዱላዋን ለሹፌሩ ሰጥቼ ለማን እንደሚያደርሳት መንገር ሲገባኝ፣ በመስኮት ለሚጨፍረው ሚዜ አቀበልኩት። እሱም «እሰይ እህታለም!» ብሎ ዱላዋን ወደ ላይ እየነቀነቀ ነጎደ። ምን ያድርግ? በጭፈራ መሃል ዱላ ያቀበሉት ሰው ይጨፍርበታል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል። ጥፋቱ የኔ ነው።

አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ከማዶ የሚመጣ መኪና የለም። ከኋላዬ ሹፌሮቹ መጮህ ጀመሩ። ማንም እንዳያልፍ መግቢያውን በድንጋይ ዘግቼ በእግሬ እየሮጥኩ ድልድዩን ተሻገርኩ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዱላዋስ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ለመቀበል እጄን ብዘረጋ ጨብጠውኝ አለፉ! ‹እናመሰግናለን አባታችን› ብለውኝ!»

ልስቅ ወይስ ላልቅስ? «በቃ ድልድዩ ባዶ ነው፣ በዓይኔ አይቼ መጣሁ፣ የእርስዎን ወገን ይልቀቁ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ዱላ ከሌለ ንቅንቅ የለም!»

የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ትእዛዝ ከሆነ ከድልድዩ ጋር አብረው ይፈርሳሉ። «አይ የሽማግሌ ግትር!» አልኩ በሆዴ። በጣም ነበር የተናደድኩት።

ይሄኔ በእሳቸው በኩል ከተሰለፉት ፊት የነበረ የታክሲ ሹፌር «ነይ ግቢ! ዱላሽ ካልተገኘ እኛም የትም አንደርስ!» አለኝ። ተሳፋሪው እንዳለ መኪናዋን አዙረን ሰርግ ፍለጋ ወጣን። የጥር እሁድ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ መካኒሳ ድንኳን ያልተተከለበት መንደር የለም። ጭፈራ ወደሰማንበት ግቢ ዘው ብንል የሌላ ሰው ሰርግ ሆነ። «እንግዶች ናቸው፣ አስቀምጧቸው!» ተባለ። ሁለት ተሳፋሪዎች ጠላ ይዘው ተደላድለው ነበር፤ ጎትተን አወጣናቸው።

አቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ስንደርስ ያቺ ቀይ ዱላ ከሰው ጭንቅላት በላይ ስትዘል አየኋት። የሙሽሪት ቤት በር ላይ ናቸው። እንደ ወጉ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች እየዘፈኑ በሩን ይዘዋል፤ ሚዜው ከፊት ሆኖ ዱላዬን እያወዛወዘ ይለማመጣቸዋል። በሰዉ መሃል ተሽሎክልኬ ደረስኩና የዱላዋን ጫፍ ያዝኩ። «ልቀቅ!» ስለው የሙሽሪት ወገን መሰልኩትና ጠበቅ አደረገ። ልጃገረዶቹ ደግሞ የሙሽራው ወገን መሰልኳቸውና ገፉኝ። እንዲህ ስንጓተት በሩ ብርግድ! ከነዱላዬ፣ ከነብርቱካናማ ሰደርያዬ፣ ከሙሽራው ቀድሜ ገባሁና ሳሎኑ መሃል፣ የሙሽሪት አባት እግር ሥር ዘርፈጥ አልኩ።



«አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ አባትየው።

«የድልድዩ!» አልኩ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከመሬት ሳልነሳ ነገሩን ሁሉ ለፈለፍኩት። ሚዜው «እኔ እኮ ለጭፈራ የሰጠችኝ መስሎኝ ነው!» ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «እኔ ብባረር ግድ አይስጣችሁ፣ እናንተስ ሙሽሪትን ይዛችሁ በየት ልትመለሱ ነው?» ስላቸው ሳቁ ቀጥ አለ። ድግሱ ጎፋ ነው፤ መንገዱም በዚያው ድልድይ ነው። ወዲያው ያ ሁሉ ወግ ምን አፈጠነው! ጉልበት ተሳመ፣ ተመረቀ፣ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ገባች። እኔንም ከፊት ወንበር ወሸቁኝ። ዱላዬን በመስኮት አውጥቼ፣ ታክሲያችንን ከኋላ አስከትለን፣ በክላክስና በእልልታ ነጎድን።

ስንደርስ ካቦው ጋሽ ተሰማ አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ጉድ ፈላ! ዱላዬን እንደያዝኩ ከሙሽራ መኪና ወረድኩ።

«ዱላዋ ከጠፋች ወዲህ ስንት መኪና አሳለፋችሁ?» አለኝ።

«አንድም» አልኩት።

«አንድም!» አሉ ጋሽ ተሰማ ደረታቸውን ነፍተው።

ካቦው የመኪናውን ሰልፍ አየ፣ እኔን አየ፣ ሙሽሪትን አየ። «ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ይለቅ ነበር። ሁለት መኪና መሃል ላይ ተገናኝቶ ሰው ባለቀብን ነበር» አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «በሥራሽ ቀጥይ። ሰርግ ሲመጣ ግን እባክሽ ዓይንሽን ጨፍኚ!»

ድልድዩ እስኪያልቅ እዚያው ሠራሁ። እንጀራዬን ያተረፈልኝ የጋሽ ተሰማ ግትርነት ነው። በነጋታው ጠዋት ስንገናኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ «ምን ሆነሻል ልጄ?» ሲሉኝ አፍሬ «እንዲሁ ነው» አልኳቸው። አሁን በሕይወት የሉም። በሆዴ መስደቤን ብነግራቸው ኖሮ ከኔ በላይ ይስቁ ነበር።