ከማሰሪያው ሥር ያለው ትንፋሽ

ኦይኒሶ በአንድ የታጂኮች መንደር በነርስነት ስትሠራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዛሬም ድረስ የሚያስደንቃት ግን አንድ ነገር ነው፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን በደረቱ መናገሩ። ለሚሰማት ሁሉ ይህንኑ ታስረዳለች። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሹ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም ስለሚል፣ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም። ሙሉ ደቂቃ ነው! ሁለት ወር አልፎት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትንፋሹ በደቂቃ ሃምሳ ከደረሰ፣ ሳንባው ሳይታመም አልቀረም።

በዚያ የመጋቢት ጠዋት የተጠራችው የአምስት ወሩን ኮምሮንን እንድታይ ነበር። ሳል ከጀመረው ሦስት ቀኑ ነው። እንደ መንደሩ ሕፃናት ሁሉ በሚወዛወዘው የእንጨት አልጋው ውስጥ እጅና እግሩ በሰፊ ጨርቅ ታስሮ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ተኝቷል። አያቱ ቢቢ ሳናቭባር ዛሬስ ዝም ብሏል፣ ተሽሎታል አሉ።

ኦይኒሶ ሰዓቷን ይዛ ከልብሱ በላይ ቆጠረች፤ አርባ አራት። ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትል ዐይኗ አፍንጫው ላይ ዐረፈ። አየር በሳበ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ። እናቱን ማሂናን መቼ እንደጠባ ጠየቀቻት። ማሂና አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ ከትናንት ጀምሮ ጡት እምቢ እንዳለ ነገረቻት።

«ቢቢ፣ ማሰሪያውን ልፍታው።»

«የተኛ ልጅ አይፈታም፤ ይደነግጣል። ዘጠኝ ልጅ ያሳደግሁበት አልጋ ነው። አንቺስ ብትሆኚ እንዲሁ ታስረሽ አይደል ያደግሽው? ይኸው ምላስሽ እንኳ አልተያዘም።»

ኦይኒሶ ሳቀች፤ እጇን ግን ከቋጠሮው ላይ አላነሳችም። «አልጋውን አልነቀፍኩም። የታሰረ ደረት ግን አይታየኝም። አንድ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፤ ከዚያ እርስዎ ራስዎ ያስሩታል።»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ጤነኛ ልጅ አየር ሲስብ ደረቱ ይነፋል። የኮምሮን ግን ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኦይኒሶ እንደገና ቆጠረች፤ ስልሳ ስድስት። ሃያ ሁለት ትንፋሽ ከጨርቁ ሥር ሳታየው አምልጧት ነበር። መዳፍ የማይሞላ ደረት፣ ማንም ሳያይለት፣ አየር ለማግኘት ሲታገል አድሯል። ቢቢን ጠርታ ደረቱን አሳየቻቸው።

ቢቢ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህን ሁሉ እየታገለ ነው ዝም ያለው?»

«ዝምታው ድካም ነው፣ ቢቢ። ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞትብናል።»

የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ እዚያው ወጋችው፤ ጎረቤት መኪናውን አስነሳ። ቢቢ ሳናቭባር ሕፃኑን ሳያስሩት ታቀፉት። መንገዱን ሁሉ ካፖርታቸውን ገለጥ እያደረጉ ያን ትንሽ ደረት ያዩ ነበር።

ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሰጡት። ሦስት ቀን ምንም ወሬ አልተሰማም። በአራተኛው ቀን ማሂና ከሆስፒታል ለኦይኒሶ ደወለች።

«ጠባ» አለቻት።