ሰው ሁሉ የሚሰማው ፉጨት

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ እሱም አባቱ ካወጡለት ስም አብልጦ ይኮራበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪና ቴፕ ሲጠግን መለኪያ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሞተር ያስነሳል፣ የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይቀንሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳጅ ይረግጣል። ከስፒከሩ የሚወጣው ፉጨት ከሞተሩ ጋር እኩል ከወጣና ከወረደ መነሻው ዲናሞው ነው፤ ካልተለዋወጠ ግን ቴፑ ራሱ ነው። ማዶ ያለውን፣ በመለኪያ የሚሠራውን ባለጋራዥ «ዶክተር» እያለ ያሾፍበታል። «በሽተኛውን ‹ምንህን አመመህ?› ሳይል ቴርሞሜትር የሚሰካ!»

የዛሬዋ ደንበኛ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ነጂ ናት፤ ስትመጣ ሦስተኛዋ ነው። መጀመሪያ ቀን ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ፈትቶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ እንደገና ጥብቅ አድርጎ አሰረላት። በሁለተኛው የድምፁን ሽቦ ከባትሪው ሽቦ ለይቶ በሌላ በኩል አሳለፈው። ሁለቴም ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ሁለቴም ጸጥ።

«ጋሼ፣ ኧረ አሁንም ያፏጫል!» አለችው። «ልጆቹ ‹ትንኝ ገባ› እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።»

«የት አባቱ ነው የሚያፏጨው?» ገብቶ ነዳጁን ረገጠ። ሞተሩ አጓራ፣ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ከስፒከሩ ግን ምንም። «ይኸው፣ ጭጭ ብሏል።»

«ይኸው እየጮኸ!»

«እንግዲያው ጆሮሽን ታከሚ። የኔ ሥራ መኪና ነው።»

ሴትዮዋ ሽማግሌ ነው ብላ ስድቡን ዋጠችው። የሰው መኪና ሲያዳምጥ የኖረ ሰው የገዛ ጆሮው ሲከዳው አይሰማም፤ ጉድ ነው! ቢሆንም ሌላ ጆሮ ፈለገ። የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን፣ በሱቁ ደንበኛ የምታስተናግደውን ሴት ልጁን ጠራ። ልጇ ታሞባት ሰንብታ ዛሬ ገና መመለሷ ነው።

አጠገቡ ተቀመጠች። ነዳጁን ሲረግጥ የሚያየው ፊቷን ነበር። አሸዋ እንደነከሰ ሰው ፊቷ ኩምትር አለና ወዲያው ተፈታ።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማም፣ አባዬ።»

እፎይ አለ። ሊያምናት ስለፈለገ አመናት። እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ቧንቧ ሄደና በሱቁ መስኮት አሻግሮ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ልጁ ነጂዋን እስከ በሩ ሸኝታ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ከዚያ በጣቷ ወደ ማዶ ጠቆመች። መኪናዋ መንገዱን አቋርጣ ቀጥ ብላ «ዶክተር» ጋ ገባች።

ልጁ ስትመለስ እጁ ውኃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ጠበቃት። በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር።

«ስንቱን ልከሽለታል?»

«አባዬ፣ ተው በቃ...»

«ስንቱን ነው ያልኩሽ!»

አንገቷን ደፋች። «ከአምና ጀምሮ፣ ፉጨት ብሎ የመጣውን ሁሉ።»

«ሰዎቹስ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም። ቅር እንዳይልህ ብለው ነው መጀመሪያ አንተ ጋ የሚመጡት። ይቺ አዲስ ስለሆነች ነው የተከራከረችህ፤ ነባሮቹማ ያውቃሉ።»