መብራት ሲጠፋ የምነቅለው ሶኬት

ባለቤቴ መጋዙን ከማስነሣታቸው በፊት ያማትባሉ። አባታቸው በደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩና ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥራ ሁሉ የሚጀመረው በዚህ ነው። እኔም አማትባለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አውልቄ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ እሰቅላለሁ።

ነጠላ ማውለቁ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። የእንጨት ሥራ ቤታችን ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በሻሽ ብቻ በአደባባይ መታየቷ ደስ አይልም። ግን የኤሌክትሪክ መጋዝ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውየውንም አብሮ ይስባል። ስለዚህ ሻሼን ወደ ኋላ አጥብቄ አስራለሁ፣ እጅጌዬን እጠቀልላለሁ፣ ማተቤን ወደ ውስጥ እከታለሁ።

ልጆቻችን የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ከሄዱ ወዲህ የጣውላውን ጫፍ የምይዝ እኔ ነኝ። እሳቸው ይገፋሉ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ እቀበላለሁ። መቀበል መሳብ አይደለም። ከሳብሁት እንጨቱ ይጣመምና ስለቱን ያንቀዋል፤ ያን ጊዜ መጋዙ እንጨቱን መልሶ በሚገፋው ሰው ላይ ይወረውረዋል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣውላው ሊያልቅ ሲልም በእጃቸው አይገፉም፤ ለዚሁ የተዘጋጀች መግፊያ እንጨት አለቻቸው። ሥራ ስንጨርስ በሞተሩ ቀዳዳዎች የገባውን ሰጋቱራ በብሩሽ አወጣለሁ፤ ካልወጣ ሞተሩን ያግለዋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ የጠረግሁትን መልሶ ይበትነዋል። እኔም መልሼ እጠርጋለሁ።

በብዙ ነገር ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ብቻ ሳይጠነቀቁለት ቆዩ። መሸፈኛ የገዙት ከደከመ በኋላ ነው።

በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ አንድ ነገር ሳይጠፋ ይተዋል፤ መምጣቱ በዚያ ይታወቃል። አንዳንዱ አምፖል ይተዋል። እኛ ሬዲዮ ነበር የምንተው። ጆሯቸው ሲደክም ግን የሬዲዮው ድምፅ አልደርስ አላቸው።

አንድ ቀን፣ “ሬዲዮውን ተይው፤ ለእኔ መጋዙ ይበቃኛል” አሉ። የመጋዙን ማብሪያ እንደበራ ትተውት ወጡ።

“እንዴት ይሆናል? ሰው አጠገቡ ሳለ ቢነሣስ?” አልሁ።

“መብራት ከሌለ ብረት ነው። ማን ይነካዋል?”

ብዙ መከራከር አልወድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ከግድግዳው እነቅላለሁ። እሳቸው በር ላይ፣ ከጥላው ሥር ሄደው ይቀመጣሉ። መብራት መጣ የሚለው የሰፈሩ ጩኸት ሲሰማ መጋዙ አጠገብ ሰው አለመኖሩን አይቼ እሰካዋለሁ። መጋዙ ይነሣል፤ እሳቸውም “ይኸው፣ መጣ!” እያሉ ይገባሉ። የሰካሁት እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር።

በቅርቡ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ በር አሠራች። ዘንዘልማ በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት እየሠራች ነበር፤ በሩ በዋንዛ እንዲሆን ፈለገች። ለበዓሉ፣ ለዒድ፣ ልትገባበት አስባ ስለ ነበር በየቀኑ እየመጣች ታያለች። ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት።

ያን ቀንም መጥታ በተከመረው ጣውላ ላይ ተቀምጣለች። አንዱን ጣውላ አጋምሰን ሳለ መብራት ጠፋ።

“አይ የእኔ ነገር! እግሬ ሲገባ መብራቱ ይወጣል” አለች።

ባለቤቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ በሩ ይሄዱ ነበር። ነጋዴዋ ቁጭ ብላ እያየቻቸው ሥራ መፍታት ግን አልወደዱም። የተጋመሰውን ጣውላ አወጡ፤ በስለቱ ጥርሶች ላይ የተጋገረውን ሙጫ ሊያጸዱ ላምባ የነካ ጨርቅ ይዘው ጎንበስ አሉ። ማብሪያው እንደ ልማዳቸው እንደበራ ነው። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ከማዶ ተቀምጫለሁ።

“ማብሪያውን ያጥፉት” አልሁ።

አልሰሙኝም። ደግሜ አልተናገርሁም፤ ሶኬቱ ጭኔ ላይ ነበር።

ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያዞሩ ሲጠርጉ ከመንገዱ ማዶ ሙዚቃ ተነሣ። ልጆች “መጣ! መጣ!” እያሉ ጮኹ። እሳቸው አንገታቸውን እንኳ ቀና አላደረጉም።

“አባባ፣ መብራት መጣ እኮ!” አለች ነጋዴዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ቀና አሉ። እጃቸው ግን ከስለቱ ላይ አልተነሣም። “የት መጣ? መጋዙ ዝም ብሏል።”

“ሰፈሩ እየጨፈረ ነው! ይልቅ ጆሮዎን ይጥረጉት።”

ፊታቸው ተለወጠ። “ሞተሩ ተቃጠለ ማለት ነው” አሉ። ማብሪያውን አዩት፤ በርቷል። ከዚያ ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት። በሰጋቱራው መሐል አልፎ፣ በጣውላው ሥር ዞሮ፣ ጭኔ ላይ ደረሰ። ሶኬቱን አዩት። ቀጥሎ እጃቸውን አዩት፤ ቀስ ብለው ከስለቱ ላይ አነሡት።

ነጋዴዋም ገባት። አፏን በእጇ ያዘች።

“ሁልጊዜ ትነቅይዋለሽ?” አሉኝ።

“ሁልጊዜ።”

“ስለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬዎት ነበር። ብረት ነው አሉኝ።”

ነጋዴዋ ሳቋ አመለጣት። “እኔ በር ብቻ ነው ያዘዝሁ አባባ፤ ጣት ይጨምሩልኝ አላልሁም። ዛሬ እታለምን ዓሣ ያብሏት!”

እሳቸው አልሳቁም። ማብሪያውን አጠፉት። ከጣውላው ላይ ተቀምጠው ላምባውን ከእጃቸው ሲጠርጉ ቆዩ፤ እጃቸው ከጠራ በኋላም መጥረጉን አልተዉም። ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡና፣ “ጥርሱ ተጠርጎ አላለቀም” አሉ። ተነሥተው ወደ መጋዙ ሄዱ፤ ሳይነኩት ግን ዞረው አዩኝ። ሶኬቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ጀመሩ።

በማግሥቱ ከመጋዙ በላይ አምፖል ሰቀሉ። አሁን መምጣቱ የሚታወቀው በእሱ ነው። ስለቱን ሊያጸዱ ወይም ሊለውጡ ሲሉ ማብሪያውን ያጠፉና “አሳዪኝ” ይላሉ። ሶኬቱን አነሣለሁ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም እንዲሁ ነው።

ነጋዴዋ በዒድ ቤቷ ገባች፤ በሩ ደርሶላታል። ታሪኩን ለሱቅ ጎረቤቶቿ ስላወራችው ገበያ ስወጣ “እታለም፣ ሶኬቱን ለማን ሰጥተሽ መጣሽ?” ይሉኛል። ነጠላዬን አስተካክዬ አልፋቸዋለሁ። ባይጠይቁኝ ግን ቅር ሳይለኝ አይቀርም።

ማታ ከእራት በፊት እጃቸውን አስታጥባለሁ። ሰጋቱራው ከጥፍራቸው ሥር ቶሎ አይለቅም። ውኃውን ከድሮው ጥቂት ጨምሬ አፈሳለሁ፤ እሳቸውም በቃኝ አይሉም።