የላላው ጥግ

በዳልተን ከተማ መንገድ ዳር፣ ነጋዴው ኦዴል የሚሸጠውን አሮጌ የአልጋ ልብስ ከሚሰቅልበት ገመድ ሥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ይመጣሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉና ክሩ እንደ በግ ጠጉር የቆመውን ልብስ ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። "የስፌት መኪና ሥራ ነው፤ ከዓለም ጦርነቱ ወዲህ የመጣ" ብለው ይሄዳሉ። ገዝተው አያውቁም።

ዛሬ ግን ጣዎስ ወፍ የተጠለፈበት አንዱ ላይ ቆዩ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻ ረዘም ረዘም ብሎ ላልቷል።

"እማማ፣ ዛሬስ የመኪና ነው አይሉኝም!" አለ ኦዴል እየሳቀ። "ጥጉን አዩት? መኪና እንዲህ አይሳሳትም። የእጅ ሥራ ነው፤ የ1930ዎቹ።"

"የልጅ እጅ ነው" አሉ። "እናቷ ታማ ተኝታለች። ልጅት ለጨዋታ ቸኩላ ጥጉን አላልታ ሰፋችና፣ 'ልክ እንዳንቺ አድርጌ ጨረስኩልሽ' አለቻት። አመነቻት።"

"ይሄን ደግሞ በምን አወቁ?"

"እናቷ ሳታየው ሞተች።"

ኦዴል ገዢ እንዲያየው ያን ጥግ ወደ ውጭ አውጥቶ ሰቀለውና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሲመለስ አሮጊቷ ጥጉን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ እንዳይገለጥ በመዳፋቸው ይዘውት ቆመዋል።