ባትሪ የሚጨርሰው በር

ፈሪ ነኝ፤ አልክደውም። እማዬ ጎረቤላ ብቻዋን ትኖራለች፣ እኔ ደብረ ብርሃን ልብስ እሰፋለሁ። ሠፈሯ ውስጥ አንድ ቤት በጠራራ ፀሐይ ከተዘረፈ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ጋ ሆነ። እኔ ዘንድ ነይ ብላት ወይ ፍንክች። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበት፣ በባትሪ የሚሠራ ካሜራ ገዝቼ በረንዳዋ ላይ ወደ ውጭው በር አዙሬ አሰቀልኩ። በሩን ዘወትር እንድትዘጋም አስማልኳት።

ሻጩ ባትሪው ወር ይቆያል ብሎኝ ነበር። ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ድርግም አለ። መጀመሪያ ብርዱን ጠረጠርኩና ከጋቢ ቁራጭ ሽፋን ሰፋሁለት። ቀጥሎ ጉሙን ጠረጠርኩ፤ ጎረቤላ ላይ ጉም ከወረደ ባትሪውን በፀሐይ የሚሞላው ሶላር ለጌጥ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ሲባዝንም ባትሪ ይጨርሳል አሉኝ። ቢጨንቀኝ አስወርጄ አመጣሁትና የስፌት መኪናዬ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት። እዚያ ባትሪው ንክች አላለም። መልሼ ባሰቅለው በሳምንቱ ጠፋ።

ካሜራው የሚነቃው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው። እንግዲያው አንድ ሰው ግቢዋን ይዞራል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ካሜራው ስልኬ ላይ የሚልከው ማስጠንቀቂያ በጮኸ ቁጥር ደንግጬ መርፌው ጣቴን ስለሚወጋኝ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። የቀረጸውን ከፍቼ እንዳላይ ደግሞ የማየውን ፈራሁ።

አንድ ልማድም ነበረኝ። ካሜራውን በስልኬ ከመክፈቴ በፊት እደውልላታለሁ። ሰው ቤት ደጅ ላይ ሳይጣሩ አይገባም፤ እናትን ሳያስታውቁ አጮልቆ ማየት ደግሞ ነውር መሰለኝ።

"እማዬ፣ ላይሽ ነው" እላታለሁ።

"ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ" ትለኛለች።

ስከፍተው ነጠላዋን ለብሳ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። በሩም ተዘግቷል። እፎይ ብዬ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብደውል አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ይሉኝታዬን ትቼ ካሜራውን ብከፍት ባትሪው አልቋል። የደንበኛ ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ያ የተዘረፈው ቤት ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ምነው ልጄ፣ አሞሻል?" ቢሉኝ ስልኬን አውጥቼ ድጋሚ ደወልኩ።

ስደርስ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከቤት ውስጥ የማላውቀው የወንድ ድምፅ ይሰማል። ግድግዳው ላይ የተደገፈ በትር አንስቼ ገባሁ።

እማዬ መደቡ ላይ ተጋድማለች፤ እግሯ በመቀነቷ ተጠቅልሏል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቧ ተቀምጠው ውሃ ያጠጧታል።

"በመንገድ ሳልፍ ወድቀው ሲጣሩ ሰማሁ" አሉኝ። ግቢው ድንጋይ ላይ አዳልጧት ነው፤ ስልኳ ቤት ውስጥ ቀርቷል። የያዝኩት በትር የሳቸው ነበር። በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

"በሩን ለምን ከፈትሽው? ምለሽልኝ አልነበር?" አልኳት። ተቆጣሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

"ስትደውዪ እዘጋው የለ" አለችኝ።

የባትሪው ነገር ያኔ ገባኝ። በሩ ሲከፈት ካሜራው የሚያየው መንገዱን ነው። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ በጉ፣ አህያው ባለፈ ቁጥር እየነቃ ሲቀርጽ ይውላል። እኔ ሳይ ብቻ ነው የሚያርፈው።

"ሌባ ቢገባስ?"

"ሌባውንም እፈራለሁ። ወድቄ ሰው ሳይሰማኝ መቅረቱን ግን የበለጠ እፈራለሁ። ያንቺ ካሜራ ያየኛል እንጂ አያነሳኝም።"

ካሜራውን አውርጄ ባትሪውን ሞላሁት፤ መንገዱን እንዳያይም ፊቱን ከበሩ አዙሬ ወደወደቀችበት ድንጋይ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ይቆያል።

እግሯ ሻል ሲላት ወደ ሥራዬ ለመመለስ ተነሳሁ። ስወጣ እጄ በሩን ሊስብ ተዘረጋ። እማዬ ከበረንዳው ታየኛለች። እጄን ሰበሰብኩና በሩን እንደተከፈተ ተውኩት። ሚኒባሱ ጋ እስክደርስ ዞር ዞር እያልኩ አየሁት።